ከንጉሡ ሥዕል ሥር

...በከሰል ግድግዳችን ላይ ያን ሆዳም ንጉሥ ስሥል፣ አንቺ ዘውዱን አሳንሰህ ሆዱን አስፋው እያልሽ ስታሳስቂኝ፣ እናታችን ድንገት ብቅ ብላ... ቀሪው ጠፍቶብኛል። ሳቃችን ብቻ ትዝ ይለኛል።

እትዬ ብርሃነሽ፣ ሰላምታዬን አዘገየሁብሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጅማ ዝናብ አባራላችሁ? እኔ ደኅና ነኝ፤ የሰሞኑን ነገር ግን ልንገርሽ።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ በነገሥታት ላይ የሚያሾፉ ካርቱኖች ዐውደ ርእይ ከፍተን ነበር። አብራኝ የምታስተምረው ዮዲት አንድ ሠራች፤ ንጉሡ ሊቀመጥ ሲል ባለሟሉ በገዛ ነጠላው ዙፋኑን ይወለውላል። አዘጋጁ ገብረየስ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ድሮ ሰው እንዲህ ይዋረድ ነበር እያለ ተማሪዎቹን አስጎበኘ።

የክብር እንግዳው፣ አንድ ባለሥልጣን፣ አርፍደው መጡ። ገብረየስ ከቢሮ ያስመጣውን ሶፋ፣ ሌላ ቦታ አጥቶ፣ ከዮዲት ሥዕል ሥር አስቀምጦት ነበር። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የእኔም ጉልበት ሳያማክረኝ ተነሣ። ገብረየስ ስካርፉን ከአንገቱ ፈትቶ ሶፋውን ወለወለላቸው። አቧራ እንኳ አልነበረበትም።

ከኋላ አንዲት ተማሪ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ስልኩን እያነሣ። እንግዳው ቀና ብለው ሥዕሉን አዩት፤ ሳይቀመጡ ወጡ።

አሁን ገብረየስ፣ ዮዲት እሱንና እንግዳውን ለማዋረድ ሆን ብላ ነው የሣለችው ይላል። ሥዕሉ ከተሰቀለ ሰንብቷል፤ ሶፋውን እዚያ ያኖረውም ራሱ ነው። ዮዲት ግን ከሥራ ልትባረር ነው፤ ዛሬ ጉዳይዋን የሚያይ ኮሚቴ ተሰብስቧል፣ እኔም ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ። ትናንት ገብረየስ በባጃጅ እስከ ታቦር ሰፈር ሸኘኝ። ትከሻዬን እያሻሸ፣ "አንተ ብቻ 'አውቃ ነው' በላቸው፣ ወንድሜ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው" አለኝ። ሸሚዜን ማታውኑ ደጋግሜ አጠብኩት። ዛሬም ልለብሰው አንሥቼ መልሼ ሰቀልኩት።

ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። በሞተ ንጉሥ ስንስቅ ውለን፣ በር ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ብድግ ሲል... ያ ድምፅ፣ የወንበሮቹ ድምፅ፣ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህን የምጽፍልሽ ከስብሰባው ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ዮዲት ከጎኔ ናት። ምን ልትል ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ያየሁትን እናገራለሁ። ለአንቺ ከጻፍኩት ማፈግፈግ አልችልም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጋሽ በርናባስን ጉንጩን ሳሚልኝ። ቅድስትን በርቺ በያት፤ ሥዕሏ ደርሶኛል። ለጎረቤታችሁ ለእማማ ሙንተሃም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ወንድምሽ በረከት
ሐዋሳ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ሳላጥፈው ገብረየስ በሩን ከፍቶ የዮዲትን ስም ጠራ። ተነሣች። እኔም አብሬያት ተነሣሁ። በመዳፉ ደረቴን ገፋ አድርጎ፣ "ያንተ ምስክርነት አያስፈልግም፤ ጨርሰናል" አለኝ። በሩ ተዘጋ።