አቤቱታችንን ካላንደር ላደረጉልን ኃላፊ

ይድረስ የቀድሞውን የጦር ሰፈር ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎስ ደህና ነው? ኩላሊትዎስ? አይፍረዱብኝ፤ የጉድጓዳችን ውሃ ጣዕሙ ከተለወጠ ወዲህ ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ባለው መንደራችን ሰላምታችን እንዲህ ሆኗል።

ፎቶ አንሺዋ ታናሽ እህቴ፣ ወታደሮቹ ሲወጡ ጥለውት የሄዱትን የዛገ ታንክ፣ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ በርሜል፣ ነዳጅ የፈሰሰበት ኩሬና ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ አንስታ፣ ከማመልከቻ ጋር ለክቡር ጽሕፈት ቤትዎ ካስገባች ስምንት ወር አለፈ። መልስዎ ሰሞኑን ስለደረሰን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ፎቶዎቹን በሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳትመው የግድግዳ ካላንደር ስላደረጉልን እናመሰግናለን። እኛ ሞኞቹ ማስረጃ መስሎን ነበር። ማመልከቻው አብሮ አለመታተሙ መቼም ቦታ ጠቦ ይሆናል።

፪. ኩሬው ላይ ተንሳፎ ሐምራዊና ወርቃማ የሚያብለጨልጨውን ነዳጅ «የአካባቢያችን የተፈጥሮ ውበት» ብለው ስለሰየሙልን ምን ቃል ይበቃል? ኩሬው ከጉድጓዳችን የሚርቀው ሠላሳ እርምጃ ነው። እህቴ ጽሑፉን ስታነብ ሳቀች፣ ሳቋም አልቆም ብሎ ለቅሶ ሆነ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምን አሳምሬ አነሳሁት!» እያለች እስካሁን ራሷን ትረግማለች።

፫. የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ፊቷ ካበጠ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሐኪሙ ከዚህ ውሃ ዳግመኛ እንዳትቀምስ አለ፤ ሌላ ጉድጓድ ግን የለንም። በርሜሎቹን እኛው እንዳናነሳ ግቢው በእርስዎ ቁልፍ ተቆልፏል። እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታዎን። ክቡርነትዎ፣ በርሜሎቹን ያስነሱልን፤ እስከዚያው አንድ የውሃ ቦቴ ይላኩልን። በሞቴ፣ አንድ ቦቴ!

ትዕግሥቷ አልቆ በአክብሮት ብቻ የቆመች፣ መልስዎን ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቅ፣

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካላንደሩን ያመጣልን የመሥሪያ ቤትዎ ሾፌር ውሃ ቢጠማው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ ቤት ያፈራውን ውሃ በብርጭቆ አቀረቡለት። ከንፈሩ ካደረሰው በኋላ «እትዬ፣ የዚህ ጉድጓድ ነው እንዴ?» ብሎ ሳይቀምስ አስቀመጠው። ማን እንደነገረው ብንጠይቀው፣ «ኧረ ቢሮ ሁላችንም በደብዳቤ ተነግሮናል» አለን። እንኳን ነገሩት፤ የልጆች አባት ነው።