በሰርዲን በርሜሎች መካከል ስለተኛው ወንድሜ

ለግርማዊ ንጉሣችን እና ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ለቅዱስ አባታችን፤

እኔ የሱሆራ ደሴት በርሜል ሠሪ ስቶይሻ፣ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። የግርማዊነትዎ ጉልበትም የቅዱስነትዎ ጨጓራም እንደተሻላቸው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለ ጤናችሁ የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋብን፣ ከቤታችን ሆነን የቻልነውን እያደረግን ነው።

የምጽፈው ስለ ትንሽ ነገር፣ ስለ ዳቦ ነው። ባለቤቴ ዳቦዋን በአንደኛው ደወል ምድጃ አስገብታ በሁለተኛው ታወጣ ነበር፤ ደወሉ ከታሰረ ወዲህ የምንበላው ከሰል ነው። በዚህ እናንተን ማድከም ድፍረት ቢሆንም፣ ከዳቦው ጋር የተያያዙ ጥቂት ነገሮች አሉና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ጳጳሳችን ባረፉ ጊዜ ግርማዊነትዎ የአደን ጓደኛዎን፣ ቅዱስነትዎ ደግሞ የእህትዎን ልጅ ሾማችሁልናል፤ ስለ ልግስናችሁ እናመሰግናለን። ሰው ሁለት ባላ የሚተክለው አንዱ ቢነቀል በሌላው ሊንጠለጠል ነበር፤ እኛ ግን ሁለት ጳጳስ ተተክሎልን መሬት ላይ ቁጭ ብለናል። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ ሌላው ከሮማ ሆነው ስለ ነፍሳችን እንደሚጨነቁ ሰምተናል፤ ወደ ደሴታችን በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም።

ሁለተኛ፤ ንጉሡ የሾምኩትን አልሽርም ስላሉ፣ ቅዱስነትዎ እሳቸውን ለመቅጣት እኛን ገዘቱ። ቅዳሴ፣ ደወል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበር፣ ሁሉም ቀረ። ንጉሡ ግን በእልፍኛቸው እንዲያስቀድሱ ልዩ ፈቃድ እንደተሰጣቸው ሰምተን እጅግ ተጽናንተናል።

ሦስተኛ፤ ወንድሜ ዱያም ሞተ። በመጨረሻ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕፃንነቷ ሞታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከተቀበረችው ልጁ ጎን እንድናሳርፈው። የደሴታችን ቄስ አባ ግርጉር ግን፣ «ስቶይሻ ልጄ፣ ብቀብረው ክህነቴን ይገፍፉኛል» ብለው አልቅሰው በራቸውን ዘጉ። ስለዚህ ዱያምን በጨው ሸፍነን ዓሣ መጋዘን ውስጥ፣ በሰርዲን በርሜሎች መካከል አስተኛነው። ምስኪን፣ በሕይወቱ ሰርዲን አይወድም ነበር።

የንጉሡ የጨው ሹም መጥቶ፣ «ይህ ሁሉ ጨው ለምን ዋለ?» ቢል፣ የወንድሜ ሚስት ዶብሪላ፣ «ለባለቤቴ ነው ጌታዬ፤ ቀረጡን ከእኔ ትቀበላለህ ወይስ ከሱ?» አለችው። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ወጣ። ወደ እኔ ዞራም፣ «አይ ስቶይሻዬ፣ ንጉሡና የሮማው አባት ለምን ይቸኩላሉ? አፍንጫቸው ሩቅ ነዋ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ጨው ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች።

እንግዲህ የምለምናችሁ እንድትታረቁ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር መጠየቅ ከአንድ በርሜል ሠሪ አቅም በላይ ነው። የምለምነው ለአንድ ከሰዓት ብቻ፣ አንድ ጉድጓድ እስክንቆፍር ድረስ፣ ሁለታችሁም ፊታችሁን ወደ ሌላ…

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በር ተንኳኳ።

አባ ግርጉር ናቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ፣ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው፣ አካፋ በትከሻቸው ተሸክመው ደጄ ላይ ቆመዋል። «ተነሥ እንጂ ምን ትጽፋለህ! መሬቱ ጭንጫ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም» ይላሉ።

ስለዚህ ልመናዬን ሳልጨርስ እሰናበታለሁ። የሁለታችሁንም ጫማ በየተራ የምስም፣ በማላውቀው ጠብ ግዝት ወድቆብኝ የማላኮርፍ፣ ታማኝ አገልጋያችሁ፣

ስቶይሻ፣ የዱያም ወንድም

ተጨማሪ፤ ስለዚህ ቀብር የአባ ግርጉርን ክህነት መግፈፍ እንደምትፈልጉ አልጠራጠርም። ክህነት የሚገፈፈው በጳጳስ ነውና፣ እባካችሁ የትኛው ጳጳሳችን እንደሚገፍፋቸው አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ አንቸኩልም።