የአማቴ ስም

ገደብ፣ ጥር 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፣
አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ተናድጃለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልህ አንተው ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው።

ባለፈው ክረምት የጌዴኦን ቃላት ልሰብስብ ብለህ ደብተር ይዘህ ስትመጣ አብሬህ የደከምኩት እኔ ነኝ። ዲላዎች እንዲህ ይላሉ፣ ዱመርሶዎች ያላሉታል፣ ገደቦች ያጠብቁታል እያልክ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ስታስደግመኝ ሥራዬን ጥዬ ተቀምጬልሃለሁ። የተማረ ባሌ ከእኔ ይማራል ብዬም ኮርቼ ነበር።

ከዚያ የምራቶችን ቃል ጠየቅከኝ። ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ፣ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ትታ በሌላ እንደምትተካ ከእናትህ እየሰማህ ያደግክበት ነው። የምተካበትን ነገርኩህ። አልበቃህም። ስሙንም ቴፕ ላይ ካልተናገርሽ ጥናቴ ጎዶሎ ነው አልክ። አሥራ አንድ ዓመት ከአፌ ያልወጣ ስም ነው። «የቴፑ መኪና ብቻ ነው የሚሰማሽ» ብለህ ማልክልኝ። አመንኩህና ተናገርኩ።

ለገና ፈረንጁን አስተማሪህን ይዘህ መጣህና በአባትህ ደጅ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት፣ ያንን ቴፕ ከፈትከው። ድምፄ የአባትህን ስም ጠራ። ለፈረንጁ በደንብ እንዲገባው ብለህ መልሰህ አሰማኸው። አባትህ በትራቸውን አንስተው ወጡ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ስል አንተ ቃል ያው ቃል ነው አልከኝና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርክ።

አባትህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእጄ አልበሉም። እህትህ አሰፋች ዘንድ እየበሉ ሰነበቱ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ወደ እናቴ፣ ወደ ባንኮ ጎቲቲ ልሄድ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር፤ የያዙኝ ልጆቹ ናቸው።

ትናንት አባትህ ጊደር እየጎተቱ መጡ። አማት ምራቱን ስሜን ጥሪ ብሎ የሚፈታት ከብት ሰጥቶ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ደብተርህ ላይ አለ። ገመዱን አስያዙኝና «ስሜን የጣለው ልጄ ነው፤ አንቺ አልጣልሽውም። ከዛሬ ጀምሮ ጥሪኝ» አሉኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ አባ በራሶ ብዬ ጠራኋቸው። አቤት አሉኝ። ማታም ከእጄ በሉ።

እንግዲህ አባ በራሶ ደህና ናቸው። ሰላምታ ግን አልላኩልህም። ያንን ቴፕ ለእሳቸው በእጅህ ሳታስረክብ ደጄን እንዳትረግጥ።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ ልብም ይስጥህ።

የልጆችህ እናት
ዘነቡ

ይህን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ብታገላብጠው ስምህን አታገኘውም። ፖስታው ላይ የጻፈልኝ ጎረቤታችን ጴጥሮስ ነው። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ መጀመሪያ ያስጻፍከኝ ቃል ስምህ ነበር። የአባትህን ስም አሥራ አንድ ዓመት የደበቅኩት አክብሬያቸው ነው። ያንተን ለምን እንደደበቅኩ ደብተርህ ላይ አንተው ጻፈው።