ካሜራችን ናይሮቢ በደህና ገባ

ወሰንየለሽ እህቴ፣

ናይሮቢ ለፎቶ ሥልጠናው በደህና ገባሁ። ቦሌ ላይ ግን አንዷ ሠራተኛ የካሜራችንን ቦርሳ መዝና «ከባድ ነው፤ ወደ ጭነት ይግባ» አለችኝ። በሞላሌ አውቶቡስ እንኳ ከጉልበቴ የማላወርደውን! «እህቴ፣ እሱ ከተሰበረ ፎቶ ቤታችን ይዘጋል። አልሰጥም» አልኳት። እዚያው ሻንጣዬን ከፍቼ ካፖርቴን አወጣሁና ለበስኩ። ሌንሶቹን በካልሲ ጠቅልዬ በኪሶቼ ከተትኩ። «በይ፣ አሁን መዝኚው!» ሳቋ አመለጣትና አሳለፈችኝ። ካሜራውን እግሬ ሥር አድርጌ በረርኩ። ትናንት አስተማሪያችንን አነሳሁበት፤ ዛሬ ሲታጠብ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ከፋሲካ በኋላ ለሚያገቡት ሁሉ ሳትፈሪ ቀጠሮ ስጪ፤ ካሜራውን በእጄ ይዤው እመጣለሁ።

ኮከብ