የተቀማሁት ምላጭ

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በደሌን ልንገርሽ፤ ልጄ ምላጬን ቀማኝ። እህቴ፣ ባለሽበት እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፀጉር ቤታችን ዛሬም ሰው አይጠፋበትም፤ የሚሠራው ግን ልጄ ነው፣ እኔ ጥግ ይዤ ፎጣ አጣጥፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን እየላጨሁ ሳለ አገጩ ተቆረጠ። «ምን ያንቀዠቅዥሃል!» ብዬ ጮኽኩበት። ደሙን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ሱቄ ሲቃጠል ‹የአላህን ውሳኔ ወደህ ተቀበል› ብለህ እዚሁ ወንበር ላይ ተቆጥተኸኝ የለ? ታዲያ ለዚች ጭረት ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ብቻ አልሳቀም፤ እጄን ነበር የሚያየው።

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም ነበር። ይህን እንኳ ላምንለት አፍሬ ቀረሁ።

ፊደሌ ከተጣመመብሽ ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው። አላህ በጤና ያቆይሽ። ስለ ምላጩ ሁለተኛ አላነሣም፤ አንቺም እንዳትጠይቂኝ።