ስለ ኦክስጅኑ ክፍል ለጠየቅሽኝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? መንጋጋሽስ እንዴት ነው? መዋጡ ትንሽ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ወጥ ወጡን ብቻ ነው የምትጠጪው? እኔን ከጠየቅሽ፣ «ደህና ነኝ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለዚህ እሱን ለጊዜው እንዝለለው።

የጨረር ሕክምናው የጎዳው የመንጋጋ አጥንትሽ እንዲያገግም እዚህ መጥተሽ ኦክስጅን ክፍል ልትገቢ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። «አንተ ለእግርህ ቁስል ስትገባ ከርመሃልና ምን እንደሚጠብቀኝ ሳትዋሽ ንገረኝ» ብለሽ ጽፈሻል። ሳትዋሽ ያልሽው ነው የገደለኝ።

ክፍሉ ረጅም የብረት በርሜል ነው በይው። ውስጡ ስምንት ወንበር፣ የሰሃን ያህል ክብ መስኮቶች አሉት። እኛ በሽተኞቹ «ሰርጓጅ» እንለዋለን፤ ውጭ ሆና የምትቆጣጠረውን ባለሙያ ደግሞ «ካፒቴን»። ቁርስሽን በልተሽ ነው የምትገቢው። የጥጥ ፒጃማ ያለብሱሻል። ቅባት፣ ሽቶ፣ ናይሎን፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ እሳት የሚጭር ነገር ሁሉ ውጭ ይቀራል። ፀጉርሽን ተቀብተሽ እንዳትመጪ፣ አውቅሻለሁ! በሩ ሲዘጋ አየር በግፊት ይሞላል፣ ይሞቃል፣ ጆሮሽም ይደፈናል። አፍንጫሽን ይዘሽ እፍ በይ፣ ምራቅሽን ዋጪ፣ አዛጊ። ካመመሽ እጅሽን አንሺ፣ ካፒቴን ታቆመዋለች። አንቺ መቻል ትወጃለሽ፤ እዚያ ውስጥ መቻል አያስፈልግም። ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ እስከ አንገትሽ ያጠልቁልሻል፣ ኦክስጅኑ በእሱ ነው የሚመጣው። በየመሀሉ አውልቀሽ ተራ አየር ትስቢያለሽ። ሊያልቅ ሲል ይቀዘቅዛል፣ መስኮቱም ጉም ይለብሳል። አብዛኛው ሰው እንቅልፉን ለጥጦ ነው የሚወጣው።

«በድንገት ልውጣ ብልስ?» ብለሻል። መውጣት ይቻላል፣ ግን ወዲያው አይደለም። የአየሩ ግፊት ቀስ ተብሎ መቀነስ አለበት፣ እስከዚያ በሩ አይከፈትም። ይህን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

እዚያ ከመግባታችን በፊት የምናደርገው ነገር አለ። ሠራተኞቹ በሽተኛውን ሲፈትሹ ሰው እንደ ሌባ ተቆጠርኩ እያለ ሲቆጣ፣ ካፒቴን አንድ መላ አመጣች። ሴት ሴትን፣ ወንድ ወንድን፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ይፈታተሹና እያንዳንዱ ስለ ጓደኛው ጮክ ብሎ «ንጹህ ነው» ይላል። የእኔ ጓደኛ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደኔ ስኳር ነው እግራቸውን ያቆሰለው። በየቀኑ ሰዓታቸውን ሲያስረክቡ ልጃቸውን የሚድሩ ነው የሚመስሉት። እኔን ግን አንድም ቀን ፈትሸውኝ አያውቁም። «የሰው ልጅ ኪስ ውስጥ እጄን አልከትም፣ አንተን አምንሃለሁ» ይሉና «ንጹህ ነው!» ብለው ይጮሁልኛል።

እታለም፣ ሲጋራውን አልተውኩም ነበር። በእናታችን ስም የማልኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። ልጄ ጃኬቴን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ ኪሴንም አንድ በአንድ ትፈትሻለች። እሷ እንዳታገኝብኝ ብዬ ላይተሩን በደህናው እግሬ ካልሲ ውስጥ ከተትኩት። ረስቼው ገባሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አልረሳሁትም። ምን ይሆናል ብዬ ነው የገባሁት፣ ከሰባት ሰው ጋር።

አየሩ ገና ሲሞቅ እግሬን ሳነሳ ወለሉ ላይ ቀጭ ብሎ ወደቀ። ካፒቴን በመስኮቱ አየችው። በድምፅ ማጉያው ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይነሳ አለች። ከዚያ ግፊቱን መቀነስ ተጀመረ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ ሌሎቹ ያቺን ቀይ ላይተር ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! በሩ ሲከፈት ካፒቴን የማን እንደሆነ ጠየቀች። ከኋላዋ ልጄ ጃኬቴን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። እኔ ዓይኔን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ።

ጋሼ «የኔ ነው» አሉ። «የሥራ ቦታዬን መብራት የማቀጣጥልበት ነው፣ ከእሱ ደብቄው ነው የገባሁት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ካፒቴን የሰው ነፍስ ቀልድ አይደለም ብላ ከዝርዝሩ አወጣቻቸው። እኔም «ወይ ጉድ!» ብዬ ከሌሎቹ ጋር አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁ።

አሥራ ሦስት ቀን በወንበሬ እየተቀመጥኩ ኦክስጅኔን ሳብኩ። ቁስሌ ዳር ዳሩ መቅላት ጀምሮ ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ሱቃቸው ሄድኩ። እግራቸውን ሣጥን ላይ ሰቅለው አንድ የሴት ሰዓት ይጠግናሉ፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እኔ ቁስል ነው። እየደረቀ ነው ስላቸው ተመስገን አሉ። ሐኪሙ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ እንቁረጠው እንዳላቸው የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ለምን እንዲህ አደረጉ ብዬ አለቀስኩ። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጅህ ቆማ ታይህ ነበር እኮ» አሉኝ።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ ካፒቴን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ማታ ደግሞ ለልጄ ነገርኳት፤ እሱ ይበልጥ ከበደኝ። ተነስታ ሳህኑን አጠበች። ካፒቴን የእኔን ቦታ ለጋሼ ሰጠቻቸው። ስለ እኔ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይታያል ብላኝ ነበር፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ወሩ አለቀ፣ ቁስሌም ተመልሶ ጠቆረ። አልፈርድባትም። ጋሼ አሁን አሥራ ስምንት ጊዜ ገብተዋል። ሁለት ጣት ሄዶ እግሩ ይተርፋል ተብሏል፣ ተመስገን።

የምትመጪ ዕለት መናኸሪያ ልቀበልሽ አልችልም፣ ልጄ ትመጣለች። ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ የሚፈርምልኝ ሰው ይዤ እንድመጣ ነግረውኛል። እሷ ናት የምትፈርመው። አልጋዬን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል፤ አንቺ ላይኛው ክፍል ትተኛለሽ፣ ፀሐይ ይገባዋል።

ስትገቢ ጋሼን በመስኮቱ በኩል ታገኚያቸዋለሽ። እህቱ ነኝ በያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ስለ እኔ ከጠየቁሽ ግን ሌላ ሆስፒታል ተዛውሯል በያቸው። አደራ እታለም፣ ይህቺን ብቻ ዋሺልኝ።

ፈጣሪ መንጋጋሽን ጠግኖ የወደድሽውን ቆርጥመሽ ለመብላት ያብቃሽ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እኔንም ይቅር የምትይበት ልብ ይስጥሽ።

አሳድገሽ ያልጨረስሽው ወንድምሽ