በምትኩ አሥራተ ማርያም አንገት ላይ ሜዳሊያ እንዳጠልቅ ስለመመደቤ

ለሰቆጣ ከተማ የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሰቆጣ

ነሐሴ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

አመልካች፦ አገኘሁሽ ገብረ አምላክ

ጉዳዩ፦ ለምትኩ አሥራተ ማርያም ሊሰጥ የታሰበው ሜዳሊያ እንዲታገድና በአባቴ ላይ የተናገረው የሐሰት አዋጅ በራሱ አፍ እንዲሻር ስለመጠየቅ

ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣

እኔ አመልካች የከተማችን ሴቶች ማኅበር አባል ስሆን፣ መስከረም 2 ቀን በሚከበረው ስምንተኛው የአብዮት በዓል ላይ ማኅበሩን ወክዬ ወደ መድረክ እንድወጣና «የሕዝብ ቅርስ ጠባቂ» የሚል የተጻፈበትን ባለቀይ ሪባን ሜዳሊያ በምትኩ አሥራተ ማርያም አንገት ላይ እንዳጠልቅ ተመድቤያለሁ። ምደባው ሲነገረኝ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልል አላልኩም። ምክንያቴን ከዚህ በታች አመለክታለሁ።

ይህን ማመልከቻ መጀመሪያ ያስጻፍኩት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር። ጽፎ ሲያነብልኝ እግርዎ ሥር ደጋግሞ ከጣለኝ በኋላ በመጨረሻ «በማንም ላይ ቂም የለኝም» የሚል ከራሱ ጨምሮበታል። ይህን መቼ ተናገርኩ ብዬ ብጠይቀው «እንዲህ ካልተባለ አይነበብልሽም» አለኝ። ስለዚህ ተውኩትና በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ራሴ ጻፍኩት። ቂም አለኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ቂሙ ግን አልተንጋደደም። ምትኩን «እሱ» እያልኩ መጻፌም ከሥርዓት ጉድለት አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

1ኛ/ እርስዎ ወደ ከተማችን ከመጡ ገና ብዙ ስላልሆነ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ። አባቴ አቶ ገብረ አምላክ የሰቆጣ ነጋሪት መቺ ነበሩ። ሹመት ሲሰጥ፣ ሽልማት ሲሆን፣ አዋጅ ሲነገር፣ ገበያው መሐል ካለው የድንጋይ መቆሚያ ላይ ወጥተው ነጋሪቱን ይመቱና ቃሉን በአማርኛ ይናገራሉ። ከጋዝጊብላና ከሰሃላ ለመጣው ሰው ደግሞ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይደግሙለታል። ነጋሪቱ የሚጫንባትን በቅሎ የሚስበው ምትኩ ነበር። ከገበታችን በልቷል፤ አማርኛውን አቀላጥፎ መናገር የተማረውም ከአባቴ አፍ ነው።

2ኛ/ ለዚህ አቤቱታ የሚያስፈልግ አንድ የከተማችን ልማድ አለ። በነጋሪት የተነገረ ቃል ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ያስነገረው ሰው፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ በዝምታ አይታለፍም ነበር። በቅሎዋ ባዶዋን ከፊት ትሄዳለች፤ ነጋሪቱ በሰውየው ጀርባ ላይ ይታሰራል። ከደጁ ተነሥቶ እስከ መቆሚያው ድረስ ይሸከመዋል። እዚያ ወጥቶ ያስነገረውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ ይሽራል። ማንም አይመታውም፣ ማንም አይሰድበውም፤ ገበያተኛው ሥራውን አቁሞ ያየዋል፣ ያ ብቻ ነው። በልጅነቴ አንድ ምስለኔ እንደዚህ ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሰውዬ ገበያ ሲወጣ ያየው የለም።

3ኛ/ በ1968 ዓ.ም. የፊውዳል ዕቃ ተሰብስቦ ይቃጠል ሲባል አባቴ ለነጋሪቱ ፈሩ። የቆዳ ነጋዴው ሸምሱ «ከቆዳ መሐል ቆዳ ማን ይፈልጋል? ወዲህ አምጣው» አሏቸው። ሦስት ሰዎች፣ ማለትም አባቴ፣ ሸምሱና ምትኩ፣ በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነጋሪቱን በበሬ ቆዳ ጠቅልለው እንደ ሸቀጥ ተሸክመው ወደ ሸምሱ መጋዘን አስገቡት። ከአባቴና ከሸምሱ ቤት ሰው በቀር ለማንም ላይናገሩ ማሉ፤ ሁለቱ በወንጌል፣ አንዱ በቁርኣን። ከዚያ ወዲህ ቆዳው እንዳይደርቅ በየጊዜው ቅቤ የምንቀባው እኔና የሸምሱ ባለቤት ወይዘሮ ሐሊሜ ነበርን።

4ኛ/ በ1970 ዓ.ም. ምትኩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሆነ። ከበላይ የመጡ ሰዎች «የድሮው ገዥ ነጋሪት የት ገባ?» ብለው ሲያፋጥጡት ጨነቀው። ያለበትን ያውቃል፤ ቢያወጣው ግን የራሱም እጅ አለበት። ስለዚህ አባቴን አሳልፎ ሰጠ። በገበያ ቀን እዚያው መቆሚያ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ «ገብረ አምላክ የሕዝብ ንብረት ሰርቆ የሸጠ ሌባ ነው» ብሎ አወጀ። ያልሰማ እንዳይኖር በኽምጣንጋም ደገመው።

አባቴ ታሰሩ፤ ውስጥ እግራቸውን ተገረፉ። «ሦስት ነን» የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ወደ ቤታቸው በገቡ ነበር። ስንቅ ሳቀብል አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው «ሸምሱ ልጆች አሉት። ምትኩም ይጸጸት ይሆናል፣ ጊዜ እንስጠው» አሉኝ። ስለ ሸምሱ ላሉት እኮራባቸዋለሁ። ስለ ምትኩ ላሉት ግን እስከ ዛሬ እናደድባቸዋለሁ፤ መቃብራቸው ላይ ቆሜም ነግሬያቸዋለሁ። ጊዜ ተሰጠው፣ እሳቸው በቃሬዛ ተመለሱ፣ ክረምቱ ሳይወጣም አረፉ።

5ኛ/ የሌባ ልቅሶ ተብሎ ሰው አልመጣም። ጎረቤቶቼ አንገታቸውን አቀርቅረው በደጄ እያለፉ ውሃ ይቀዱ ነበር። ካህኑ ፍትሐቱን አጣደፉት። የከተማው ሹመትና ሽልማት ሁሉ በእሳቸው አፍ ሲነገር ኖሮ፣ ሞታቸውን የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። ከእኔ ጋር መሬት ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ሐሊሜ ብቻ ናቸው፤ ሃይማኖታችን ሌላ ነው፣ ልቅሷችን ግን አንድ ነበር። ይህን አልረሳላቸውም፤ የሌሎቹንም አልረሳም።

6ኛ/ ከዚያ ሸምሱም ሞቱ፤ ዘመኑም ተለወጠና ያ ይቃጠል የተባለው ሁሉ ቅርስ ነው፣ ይሰብሰብ ተባለ። ምትኩ ወይዘሮ ሐሊሜ ሱቅ ገብቶ «ነጋሪቱን ካላወጣሽ ገብረ አምላክ በሄደበት ትሄጃለሽ» አላቸው። እሳቸውም ልጆቻቸውን አይተው ሰጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምትኩ በሰሃላ መንገድ በጭፈራ ታጅቦ ገባ። ሸጦታል ብሎ ማወጁን ረስቶ፣ ሌባው ገደል ዋሻ ውስጥ ቀብሮት እንደነበርና እሱ በስንት ድካም ፈልጎ እንዳገኘው ተናገረ።

ነጋሪቱን አመድና ጭቃ ለቅልቆታል። እኔ ከሰዉ መሐል ቆሜ ነበር፤ በአጠገቤ ሲያልፍ የቀባነው ቅቤ ሸተተኝ። ዋሻ ውስጥ የከረመ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ይወጣል እንጂ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሶ አይወጣም። ይህን እዚያ የቆመው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ማን ይናገር? ተጨፈረ፣ ተጨበጨበ፣ ለምትኩ ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ በየሰልፉ ከፊት ሆኖ ነጋሪቱን የሚመታው እሱ ነው። ሲመታው እህል የሚወቃ ይመስላል። እሱን እንኳ እንደምንም ችዬ ነበር።

ያልቻልኩት ይህን የአሁኑን ነው። ሜዳሊያውን እኔ እንዳጠልቅ የጠቆመኝ ራሱ ምትኩ ነው። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ «የሌባ ልጅ እንኳ በአብዮቱ ታርማ የጀግና አንገት ስታስጌጥ ሕዝቡ ይይ» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎም አጨብጭበዋል። ነገሩን ስላላወቁ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ጽፌልዎታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አላወቅሁም ማለት አይቻልም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ነገሩ ሸቷቸው ኖሮ ወደ ጎን ጠርተውኝ «ለአባትሽም ምስክር ወረቀት እናዘጋጅና እዚሁ ቢሮ ውስጥ እንሰጥሻለን፤ ሻይ ጠጥተን ነገሩን እንዝጋው» ብለውኛል። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ነገር ግን አባቴ የተሰደቡት በር ተዘግቶ አይደለም። ስድቡ በገበያ፣ ይቅርታው በቢሮ ሊሆን አይችልም። ሻዩንም አልጠጣሁም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ/ ሜዳሊያው እንዲታገድልኝ።

ለ/ ወይዘሮ ሐሊሜ ቁርኣን ይዘው ለመመስከር ፈቅደዋል፤ ምትኩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ቃላቸው እንዲሰማልኝ። ከዚህ ማመልከቻ በኋላ በእሳቸው ወይም በልጆቻቸው ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ከማን እንደመጣ ኮሚቴው ከወዲሁ እንዲያውቀው።

ሐ/ ምትኩ በገበያ ቀን ነጋሪቱን በጀርባው ተሸክሞ ከደጁ እስከ መቆሚያው እንዲሄድና «ገብረ አምላክ አልሰረቀም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ በሁለቱም ቋንቋ እንዲናገር። ልማዱ የፊውዳል ነው የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነጋሪቱም የፊውዳል ነበር፤ ዛሬ ግን ባለሥልጣኖቻችን ከኋላው ተሰልፈው ይሄዳሉ።

መ/ ምትኩ እንዳይታሰርብኝ።

ይህን የመጨረሻውን የጻፍኩት ከርኅራኄ እንዳይመስልዎት። የታሰረ ሰው ከዓይን ይርቃል፤ ሰውም ያዝንለታል። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ባይ እኔም አንጀቴ ሊላወስ ይችላል፤ እኔ ደግሞ እንዲላወስ አልፈልግም። በቤቱ ይቀመጥ። ገበያ ይውጣ፣ ጨው ይግዛ። ሰላም ሲል ሰው ትንሽ ቆየት ብሎ ይመልስለት። ልቅሶ ቤት ሲገባ ጨዋታው ይቋረጥ። ልጆቹ በአባታቸው ስም ሲጠሩ ሰው ዞር ብሎ ይያቸው፤ እኔንም እንደዚያ ሲያየኝ ኖሯል። የልጆቹ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም አልነበረም። ለምትኩ ዕድሜና ጤና እንዲሰጠው ዘወትር እጸልያለሁ። ቶሎ እንዳይሞትብኝ ነው።

አቤቱታዬ ተቀባይነት ካላገኘ ወይም እስከ በዓሉ ዋዜማ መልስ ካልተሰጠኝ ምደባዬን አልተውም፤ ማኅበሬንም አላሳፍርም። መስከረም 2 ቀን ነጭ ልብሴን ለብሼ በሰዓቱ እገኛለሁ። ስሜ ሲጠራ መድረኩ ላይ እወጣለሁ፤ ሜዳሊያውንም ከትሪው ላይ አነሣለሁ። ምትኩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲጠብቀኝ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዞርና እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ እናገራለሁ። ድምፅ ማጉያው ቢጠፋም አይቸግረኝም፤ ስናገር ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ዘቦቹ ጎትተው ሊያወርዱኝ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን እንደተጎተትኩ የሚጠይቅ ሰው ይበዛል። ይህ ማስፈራራት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም።

እሱ በገበያ ቀን በራሱ አፍ ይናገር፣ ወይስ እኔ በበዓሉ ቀን በእኔ አፍ? አንዱን እንዲመርጡልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ለእርስዎ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

አገኘሁሽ ገብረ አምላክ
የነጋሪት መቺው ልጅ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለምትኩ አሥራተ ማርያም፣ ያለ ሰላምታ